በማይጨው ስለ ወደቁት

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ አገራችንን ከወረረች ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ የሁለቱ ወገን ደም ሲፈስ ኖረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1938 ዓ.ም. ለሰላም ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ በጦር ግንባር 275,000፥ በአርበኝነት ዘመን ሲዋጉ 78,500፥ በድምሩ 353,500 ሰዎች መውደቃቸውን አስታወቀ። የቍጥሩ መጠጋጋት ራሱ ምስክር ነው፤ በየሬሳው ላይ ቆሞ የቈጠረ አልነበረምና።

ጠላት ግን የበኩሉን ለይቶ ቈጠረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የሞቱበትና የቈሰሉበት ከኢጣልያኖች 400፥ ከኤርትራ አስካሪዎች 873 መሆናቸውን ጻፈ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በጠላት ወገን ከተጐዱት ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ከመረብ ማዶ የመጡ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ እኛ በአርባ ቀን የተጠመቁ፥ አንዱን ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ነበሩ። ከድተው ከአርበኞች ጋራ የተሰለፉም አሉ።

አገሩን ስለ ጠበቀና ለወራሪ ስለ ተሰለፈ ታሪክ ፍርዱን ለይቶ ይሰጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ፍትሐት ግን የክርስትና ስም እንጂ የጦር ወገን አይጠይቅም። ስለዚህ በሰበካችን አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በዚያ ዘመን የወደቀበት ሁሉ፥ በየትኛውም ወገን ቢሆን፥ ስሙን ለካህናት ይንገር። ስሙ የጠፋውንም ፈጣሪው ያውቀዋልና፥ ነፍስ ይማር እንበል።