ሬዲዮው የዋትሰን ነው

አርተር ኮናን ዶይል የሞተው በጁላይ 1930 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሞተ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 20 ቀን፣ የፈጠረው መርማሪ ሼርሎክ ሆምስ በአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁን ያዋሰው ዊሊያም ጂሌት የ77 ዓመት አዛውንት ነበር። ከ1899 ጀምሮ ሆምስን በመድረክ ከ1,000 ጊዜ በላይ ስለተጫወተ የአሜሪካ ተመልካች ሆምስን የሚያውቀው በእሱ መልክ ነበር። ማይክሮፎን ፊት ግን መልክ ምን ይሠራል? ጂሌት ያንን አንድ ክፍል ተጫውቶ ቦታውን ለሪቻርድ ጎርደን ለቀቀ።

ከጂሌት ይልቅ መታወስ የሚገባት ጽሑፉን ያዘጋጀችው ኢዲት ማይዘር ናት። ራሷም ተዋናይት ነበረች፤ የሆምስ ታሪኮች ለሬዲዮ እንደሚሆኑ ጣቢያውን አሳምና ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስትጽፋቸው ኖራለች። ያገኘችው መላ ቀላል ነው። የጣቢያው አስተዋዋቂ የሆምስን ጓደኛ ዶክተር ዋትሰንን ሊጠይቅ ቤቱ ይሄዳል፤ እሳት ዳር ይቀመጣሉ፤ ዶክተሩም የድሮውን እያስታወሰ ጨዋታውን ይጀምራል። የፕሮግራሙ ስፖንሰር ጂ. ዋሽንግተን የተባለ የፈጣን ቡና አምራች ስለነበር በመሃል ስኒ መነሳቱ አይቀርም። እንግሊዛዊ ሐኪም እንግዳውን በዱቄት ቡና ሲያስተናግድ ጀበና ለሚያውቅ ሰው ፈገግ ያሰኛል።

መላው ግን ከዶይል ከራሱ የተቀዳ ነው። ከ60ዎቹ የሆምስ ታሪኮች 56ቱን የሚተርከው ዋትሰን ነው። ሆምስ ደግሞ ሥራው በዓይን ነው፤ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ በአጉሊ መነጽር የሲጋራ አመድ ሲመረምር አይናገርም። በፊልም ይህ ያምራል። በሬዲዮ ዝምታው ትንሽ ከረዘመ አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለውና ቁልፉን መነካካት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ‹‹ምን አገኘህ?›› ማለት አለበት። ያ ሰው ዋትሰን ነው፤ የሚጠይቀውም አድማጩ ሊጠይቅ የፈለገውን ነው። ሰነፍ ጸሐፊ እጅ የገባ ጊዜ ይኸው መላ መሳቂያ ይሆናል። ‹‹ዋትሰን፣ በቀኝ እጅህ ሽጉጥ ይዘሃል!›› የሚል መርማሪ ብዙ ጊዜ ተሰምቷል፤ ዋትሰን ሽጉጥ መያዙን ያላወቀ ይመስል።

ለመጀመሪያው ምሽት የተመረጠችው ‹‹ዥጉርጉሩ መቀነት›› ግን እንዲህ ያለ እርዳታ ብዙም አያስፈልጋትም፤ ከመነሻዋ ለጆሮ የተሠራች ነች። ሄለን ስቶነር ማልዳ፣ እየተንቀጠቀጠች ሆምስ ወደሚኖርበት ቤከር ስትሪት ትደርሳለች። እህቷ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታለች። እህትየው ከመሞቷ በፊት በነበሩት ሌሊቶች፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቀስ ያለ ፉጨት ትሰማ ነበር። በሞተችበት ሌሊት ሄለንም ፉጨቱን ሰማች፤ ቀጥሎም ከባድ ብረት የወደቀ የሚመስል ኳኳታ። ጠያቂዋ ለሆምስ ይዛለት ከመጣችው ፍንጭ ዋናዎቹ እነዚህ ሁለት ድምፆች ናቸው። ፍጻሜው ላይ ሆምስና ዋትሰን መብራት አጥፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው በሟቿ ክፍል ውስጥ ይጠብቃሉ። የሩቁ ሰዓት እኩለ ሌሊትን ይደውላል፤ ከዚያም ሰዓት በሰዓት እስከ ዘጠኝ። ድንገት ማንቆርቆሪያ እንደሚያወጣው እንፋሎት ያለ ስስ ድምፅ ይሰማል። ክብሪት ይጫራል፤ ሆምስ በከዘራው አንድ ነገር እየደጋገመ ይመታል፤ ፉጨቱ ይመጣል፤ ከወዲያኛው ክፍል የሰው ጩኸት። ገዳዩን ላላነበበ ሰው አንነግርም። የመጽሐፍ አንባቢ ያንን ጨለማ መብራት አብርቶ ማንበብ አለበት፤ የሬዲዮ አድማጭ ግን ልክ እንደ ሁለቱ ሰዎች ምንም አያይም።

በ1939 ባዚል ራትቦንና ናይጀል ብሩስ በዚያው ዓመት በሲኒማ የጀመሩትን ጥንድነት ወደ ሬዲዮ አመጡት። እስከ 1946 ድረስ 14 ፊልምና ከ200 በላይ የሬዲዮ ክፍል ሠሩ። ብሩስ የሚጫወተው ዋትሰን የሚያጉረመርም፣ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ ልበ ደግ ሽማግሌ ነው። ሕዝቡ ወደደው። ዶይል የጻፈው ዋትሰን ግን አፍጋኒስታን ውስጥ ማይዋንድ ጦርነት ላይ የቆሰለ የጦር ሐኪም ነው፤ ደፋር፣ ጨዋ፣ ከሆምስ አጠገብ ስለቆመ ብቻ ዘገምተኛ የሚመስል ሰው። ያም ሆኖ ብሩስን መጥላት ያስቸግራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመታት ስፖንሰሩ ፔትሪ የተባለ ወይን ጠጅ ስለነበር አስተዋዋቂው ሃሪ ባርቴል ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሚኖረው ጡረተኛ ዋትሰን ቤት ጎራ ይላል፤ በቡናው ቦታ ብርጭቆ ገባ። ራትቦን በ1946 ሲለቅ ቶም ኮንዌይ ተተካ፤ ብሩስ ግን ከወንበሩ አልተነሣም፤ ስሙም ከአዲሱ ሆምስ ቀድሞ ይጠራ ጀመር።

እንግሊዝ ውስጥ ከ1952 እስከ 1969 ካርልተን ሆብስና ኖርማን ሼሊ ሁለቱን ሰዎች በቢ.ቢ.ሲ. ተጫውተዋል፤ የጀመሩትም በልጆች ፕሮግራም ላይ ነው። በመካከሉ፣ በ1954፣ ጆን ጊልጉድ ሆምስን፣ ራልፍ ሪቻርድሰን ዋትሰንን ሆነው ሲቀርቡ የቀንደኛው ጠላት የሞሪያርቲ ድምፅ ኦርሰን ዌልስ ነበር። ዌልስ በ1938፣ አንዳንድ አድማጮችን ያስደነገጠውን የማርስ ወረራ ድራማ ከማስተላለፉ ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ ራሱ ሆምስን ተጫውቶ ነበር።

ዋትሰን የሌለበት ታሪክስ? አጋታ ክሪስቲ በ1947 ንግሥት ሜሪ 80 ዓመት ሲሞላቸው ለቢ.ቢ.ሲ. ‹‹ሦስት ዕውር አይጦች›› የተባለ የግማሽ ሰዓት ድራማ ጻፈች። በረዶ ዙሪያውን የዘጋው ቤት፣ ውስጡ ጥቂት እንግዶች፣ ከመካከላቸው አንዱ ገዳይ። ሰዎቹ ጥቂት መሆናቸው ብልሃት ነው፤ ድምፅ ከድምፅ ካልተለየ ተጠርጣሪ ከተጠርጣሪ አይለይምና። ይህችው ድራማ ሰፋ ተደርጋ፣ ስሟ ‹‹የአይጥ ወጥመድ›› ተብሎ፣ በኖቬምበር 1952 ለንደን መድረክ ላይ ወጣች፤ ኮሮና በ2020 ቲያትር ቤቶችን እስኪዘጋ ድረስም ሳትቋረጥ ታየች።

ዋትሰን ክብሩ የተመለሰለት በ1989 ቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ 4 ክላይቭ ሜሪሰንን ከማይክል ዊሊያምስ ጋር ሲያጣምር ነው። በርት ኩልስ በዋና ጸሐፊነት የመራው ሥራ በ1998 ሲያልቅ 4ቱም ረጃጅም ልቦለዶችና 56ቱም አጫጭር ታሪኮች በእነዚሁ ሁለት ሰዎች ተጠናቀቁ። ከዚያ በፊት ይህን የጨረሰ ጥንድ አልነበረም። የሜሪሰን ሆምስ ቁጡና ትዕግሥት የለሽ ነው፤ አንዳንዴ ለጆሮም ይከብዳል። የዊሊያምስ ዋትሰን ረጋ ብሎ ይናገራል፤ ሲቀየም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን መቀየሙ ያስታውቃል። ጓደኝነቱ የሁለት እኩያ ሰዎች ሆነ።

ዊሊያምስ በ2001 ዓለምን ተሰናበተ። ኩልስ በሚቀጥለው ዓመት አንድሩ ሳክስን ዋትሰን አድርጎ ሲመለስ የሚያዘጋጀው የዶይል ታሪክ አልቆበት ነበር፤ ማይዘርም በ1930ዎቹ ይኸው ገጥሟታል። ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ ጎተራ ነው፤ ዋትሰን በየታሪኩ መሃል ስማቸውን ብቻ ጠርቶ ወዳለፋቸው ጉዳዮች። ማይዘር በ1932 የሱማትራውን ግዙፍ አይጥ ጻፈች። ኩልስ በ2002 የጀመረው በኮሎኔል ዋርበርተን እብደት ነው። በዶይል መጽሐፍ ውስጥ ዋትሰን ራሱ ለሆምስ ያመጣለት ጉዳይ ሁለት ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ አንደኛውን ዶይል ጽፎታል፣ ዋርበርተንን ግን በስም ጠርቶ ትቶት ነበር።