ጾምና አድማ የተገናኙበት ሰኞ

የካቲት 5 ቀን 2010 ሰኞ ዐቢይ ጾም ተያዘ። በኦሮሚያ የሦስት ቀኑ የሥራ ማቆም አድማ የተጀመረውም በዚያው ዕለት ነበር። ከሆለታ በመናገሻና በቡራዩ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ተዘጋ። እናቴ በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ወተት የምትልክ ነጋዴ ናት። ጾም ሲገባ ደንበኛ እንደሚሳሳ ታውቃለች፤ ለማይጾሙት የምትልከው ግን ተቋርጦባት አያውቅም። ያን ሰኞ እሱም ቀረ።

ማታ ወተቱን ለእርጎ በየገንቦው ስትገለብጥ አብሬያት ነበርኩ። ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፤ ቅቤውም ተነጥሮ እስከ ፋሲካ ይቆይላታል። የብድሯ መክፈያ ቀን ግን አይቆይላትም።

ለእናቴ ዓይነት ብድር ሕጋዊ መሠረት የሰጠው የ1988ቱ የማይክሮ ፋይናንስ አዋጅ፣ ቁጥር 40 ነው። ቤት ማስያዝ ለማይችል ሰው ጎረቤቶቹ ዋስ ይሆኑታል። ትልቅ በረከት ነው፤ እናቴም ሁለት ላም የገዛችው በዚሁ ነው። ችግሩ፣ መንገድ የተዘጋው እናቴን ጨምሮ እርስ በርስ ዋስ በሆኑት በአምስቱም ሴቶች ላይ በመሆኑ አንዷ ለሌላዋ መክፈል አልቻለችም። አበዳሪው ዘንድ ቀርበው አንድ ወር እንዲታገሳቸው ለመኑ። «ቀኑ ቀን ነው» ተባሉ። እናቴ አንዷን ላም ሸጠች፤ የምታልበውን።

በልጅነቴ የማውቀው እቁብ እንዲህ አልነበረም። ዳኛው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት «የቸገረው አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ከብት የሞተበት ወይም ሐዘን የደረሰበት ካለ፣ ባለዕጣው «ይውሰደው፣ የእኔ ይቆየኝ» ይል ነበር። ማንም ዕዳው አልተሰረዘለትም፤ ተራው ብቻ ተቀየረለት።

መንግሥትም ማስታገስ እንደሚችል በ2012 በኮሮና ጊዜ አይተናል። ብሔራዊ ባንክ ደንበኞቻቸውን እንዲደግፉበት ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። እስከ 2007 የነበረ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ደግሞ ወለድና ቅጣቱ ተነሣ። መልካም ሥራ ነበር። ያ ግን አገር በሙሉ ሲታመም የመጣ መድኃኒት ነው። ሆለታ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ለብቻዋ ስትታመምስ?

ለአበዳሪዎችና ለደንብ አውጪዎች የምለው ይህን ነው፦ በውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሩ። መንገድ በተዘጋበት ወር የዚያ ከተማ ተበዳሪ ክፍያ ያለ ቅጣት ወደ መጨረሻው ይሸጋገር። የእቁብ ዳኞች ያለ ወረቀት ሲያደርጉት ኖረዋል።