ብርን ያጠነከረ መዳብ፣ ብረትን ያለዘበ አመድ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ሲገባ፣ ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በየጁቤ አካባቢ የባሶ ገበያ ደርቶ አገኘው። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል፤ ባሪያም ይሸጣል። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። በአገሩ ከሚዘዋወረው ብር ደግሞ ከፊሉ ወደ አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀል፣ አምባርና ጉትቻ ይሆናል።

ማሪያ ቴሬዛ ንጹሕ ብር አይደለም። 28 ግራም ገደማ ከሚመዝነው ውስጥ 23.4 ግራሙ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ይህ ስድስተኛ እጅ መዳብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ንጹሕ ብር ልል ስለሆነ የተሠራበት መስቀል በቀላሉ ይጎብጣል። የመዳቡ አተሞች በብሩ መካከል ሲሰገሰጉ ግን የብሩ ንጣፎች እንደ ልብ አይንሸራተቱም። አንጥረኛው በመዶሻ ሲያሳሳው ደግሞ ይብስ ይጠነክራል፤ ሳያቆም ከቀጠለ ይሰነጠቅበታል። ስለዚህ ወደ ከሰሉ ይመልሰዋል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ያግለዋል፤ ከለዘበለት በኋላ እንደገና ይቀጠቅጠዋል። አንድ አምባር እስኪያልቅ ማጋሉና መቀጥቀጡ ይፈራረቃሉ።

የቀጥቃጩ ፈተና ከዚህ ይከብዳል። የማረሻ ጫፍ ጠንካራ፣ ወገቡ ቻይ መሆን አለበት፤ የደጋው ዋልካ ሲደርቅ ለብረት አይራራም። ወናፍ የሚያናፋው ከሰል ብረቱን በደንብ ሸፍኖ ሲያግለው፣ ከሙቀቱ ጋር ካርቦንም ያቀብለዋል። ካርቦን የጠገበ ጫፍ ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ከመጠን ሲያልፍ እንደ ሸክላ ይሰበራል። በአመድ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ከበረደ ግን ይለዝባል። የሙቀቱ መለኪያ የቀጥቃጩ ዓይን ብቻ ነው፦ ጥቁር ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንማ።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው «ቡዳ» ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈራ፤ በብዙ ቦታ ርስት ተነፈገ፣ ጋብቻም ተከለከለ። ያለ እሱ እጅ አንድ ጥማድ መሬት የማይታረስበት አገር እንዲህ አደረገው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከመንደር አልጠፋም። የተጎዳው የቀጥቃጩ ክብር ብቻ አይደለም። የጎጃሞቹ ዲማና ዋሸራ ለቅኔ ጉባኤ ቤት ሲሆኑ፣ ለብረት ጉባኤ አልተዘረጋለትም። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ከመተላለፍ በቀር መጽሐፍ አላገኘም፤ ይህ ለጎጃም ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ ትልቅ ኪሳራ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ መንገድና የጭነት መኪና እየበዙ መጡ። ከመኪናው ጋር ባሌስትራ መጣ። የተሰበረ ባሌስትራ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠራበታል፤ ሆኖም ይህ ብረት አባቶች የሚያውቁት አልነበረም። እንዲለጠጥ ተብሎ ሲሊከንና ማንጋኒዝ፣ አንዳንዴም ክሮሚየም ተጨምሮበታል። እንደ ድሮው ብረት ከእሳት አውጥተው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት የመሰንጠቅ አደጋው ብዙ ነው። አስቀድሞ አግሎ፣ ቀስ ብሎ አብርዶ ማለዘብ ግድ ሆነ። የተጨመረው ነገር ሲለወጥ የእሳቱም ሥርዓት አብሮ ተለወጠ።

ይኸው ሕግ በዘመናችን ቤተ ሙከራም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታይዋን ጂየን ዌይ ዬ፣ በእንግሊዝ ብሪያን ካንቶር ከየባልደረቦቻቸው ጋር አምስትና ከዚያ በላይ ንጥረ ነገሮችን በተቀራራቢ መጠን የሚያዋህዱ ቅይጦችን አስተዋወቁ፤ ከፍተኛ ኢንትሮፒ ቅይጥ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ለሞተርና ለትራንስፎርመር የሚታሰቡት መግነጢሳዊዎቹ ብዙ ጊዜ በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ላይ የቆሙ ናቸው። ክሮሚየም ሲበዛባቸው መግነጢሳቸው በእጅጉ ይደክማል። አሉሚኒየም ደግሞ የአተሞቹን አደራደር እስከ መለወጥ ይደርሳል። ቅይጡን አግሎ ቀስ ብሎ ማብረድ በውስጡ የተጨናነቀውን ውጥረት ስለሚያረግብ፣ መግነጢሱ አቅጣጫውን ያለ ብዙ ጉልበት ይቀያይራል፤ የሚባክነው ኃይልም ይቀንሳል። ሙቀቱ ወይም ቆይታው ካልተመጠነ ግን አዳዲስ ቅንጣቶች ተለይተው ይወጡና ያንኑ እንቅስቃሴ ያግዱታል።

ተራ ብረት ራሱ መግነጢስነቱን የሚያጣው በ770 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቀጥቃጩ ማረሻ ባጋለ ቁጥር በዚህ ወሰን ያልፋል፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ደግሞ ብረቱ በውሃ ለመጠንከር ይዘጋጃል። በቀለም የሚለየውን ይህን ደረጃ ለከፍተኛ ሙቀት በተሠራ መለኪያ መለካት፣ በአመድ የሚያቆይበትን ጊዜና የከሰሉን ዓይነትም መመዝገብ ከባድ ሥራ አይደለም። ወናፍ የሚያናፉ አዛውንቶች ሳያልፉ፣ የአካባቢው የምህንድስና ተማሪዎች ሊጀምሩት ይገባል።