ቢላዋው ቀረ፤ ካሣውስ?

ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው ዘንዘልማ ገና መንገዱ ሳይሞቅ የሚያልፋት ቦታ ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ነው። ከዘንዘልማ በስተሰሜን፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ደግሞ ጣና ቂርቆስ አለ። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው እዚያ ስለቆሙ ጥቂት ድንጋዮች ነው።

ድንጋዮቹ አናታቸው ተፈልፍሎ ጎድጎድ ያለ ነው። የገዳሙ አባቶች እንደሚናገሩት፣ ክርስትና ከመግባቱ በፊት ታቦተ ጽዮን በዚህች ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜ ይሠዋ የነበረው እንስሳ ደሙ የሚፈስሰው በእነዚህ ጎድጓዶች ውስጥ ነው። ታቦቷን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የወሰዳት ንጉሥ ኢዛና ነው ይላሉ። ይህ ትውፊት ነው፤ እንደ ሰነድ ይዘነው ችሎት አንቆምበትም። ግን ሕዝብ ያለፈውን እንዴት እንደሚያስታውስ ይነግረናል። በዚሁ ትውፊት የደሴቷ የጥንት ስም ደብረ ሣህል ነው። ሣህል በግእዝ ምሕረት፣ ይቅርታ ማለት ነው። እንግዲህ ደም ይፈስስበት ነበር የሚባለው ቦታ ስሙ «የይቅርታ ተራራ» ነው።

እኛ የከተማ ልጆች እዚህ ላይ ግራ ይገባናል። እግዚአብሔር ይቅር ለማለት የበግ ደም ምን ያደርግለታል? ጉቦ ነው እንዴ?

ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጦ ያየ ሰው መልሱን ያገኛል። በኦሪቱ ሕግ ደም ማለት ሕይወት ነው። የሰው አይደለም፤ የፈጣሪ ነው። ስለዚህ በመሠዊያው ላይ የሚፈስሰው ደም የሕይወት ምትክ ነው፤ በደል ሕይወትን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ኃጢአተኛው እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ይጭናል። በደሉን ይናዘዛል። ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ የምንዘልለው። የባልንጀራውን ገንዘብ የቀማ ወይም በአደራው ያታለለ ሰው፣ ዋናውን መልሶ በላዩ አንድ አምስተኛ ይጨምራል። መቶ የወሰደ መቶ ሃያ ይመልሳል ማለት ነው። የበደሉን መሥዋዕትም ከዚህ ጋር ያቀርባል። አውራ በግ አርዶ የሰው ገንዘብ ይዞ መቅረት አልተፈቀደም። ነቢዩ ሆሴዕና ሌሎችም ሕዝቡን አምርረው የወቀሱት ለዚህ ነው፤ እርዱ በዝቶ ፍቅሩና ፍትሑ ጠፍቶ ነበርና።

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሮማውያን ሲፈርስ በዚያ የነበረው መሥዋዕት ቆመ። የሚገርመው ግን፣ ከጣና በስተሰሜን በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የፋሲካ በግ ይሠዉ ነበር። የኃጢአት ሥርየት በዓላቸውንም «አስተሥርዮ» ይሉታል። ቃሉን ልብ በሉት፤ ክርስቲያኑ «ሥርየተ ኃጢአት» ሲል የሚጠራው ያንኑ የግእዝ ሥር ነው። በ1860 (እ.ኤ.አ.) በሄንሪ ስተርን በኩል የመጡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ቤተ እስራኤልን አጥብቀው ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው መሥዋዕት ነበር። በአንድ ሐይቅ አካባቢ፣ በአንድ ቋንቋ ሥር፣ አንዱ ጎረቤት በግ ይሠዋል፤ ሌላው ይቆርባል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የሠራሁት ጥፋት በምን ይሰረይ?

የክርስትናው መልስ በተለይ ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ተብራርቷል። የኮርማና የፍየል ደም በየዓመቱ መደጋገሙ ራሱ ሥራው አለመጠናቀቁን ያሳያል፤ ክርስቶስ ግን ካህንም መሥዋዕትም ሆኖ ራሱን አንድ ጊዜ አቀረበ፤ ስለዚህ ሌላ እርድ አያስፈልግም። ይህ ማለት በደል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ዋጋው እጅግ ከባድ ስለሆነ በግ አልቻለውም፤ የበደሉ ዕዳ የተከፈለው በአምላክ ልጅ ነው።

አብያተ ክርስቲያኖቻችንን ብታዩ ይህ በግድግዳቸው ሳይቀር አለ። ክብ የሆኑት የጣና አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ፤ የጥንቱን ቤተ መቅደስ ያስታውሳሉ። በመቅደሱ ግን ታቦቱ ላይ የሚቀርበው በቤተልሔም የተዘጋጀው ኅብስትና ወይኑ ነው። ኦርቶዶክሱ ይህ ራሱ እውነተኛ መሥዋዕት ነው ይላል። ፕሮቴስታንቱ መሥዋዕቱ በቀራንዮ ተፈጽሟል፤ እኛ እናስበዋለን ይላል። ቢላዋው መቅረቱ ላይ ግን አይጣሉም። ለትንሣኤ የምናርደው በግም ለጾም መፍቻ እንጂ ለሥርየት አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቢላዋው ሲቀር የቀረው ቢላዋው ብቻ ነው። ኑዛዜውና መመለሱ አልቀሩም። በማቴዎስ ወንጌል ክርስቶስ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። በሉቃስ ወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ከሕጉ አንድ አምስተኛ እጅግ አልፎ ሄዷል። ጠንካራ የነፍስ አባት ለተነሳሒ የስግደት ቀኖና ሲሰጥ «የሰው ንብረት በእጅህ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁም ለዚሁ ነው። በአማራ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችም ካሣውን ሳይጨርሱ ገዳይና ሟች ቤተሰብን «ይቅር ተባባሉ» ብለው አይለቁም።

እኛ ግን ይቅርታን አርክሰነዋል። «እንርሳው» ማለት ይቅርታ መስሎናል። በ2003 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲለወጥና በ2004 መጀመሪያ ላይ በርካቶቹ ሲፈቱ፣ የሃይማኖት አባቶች አማላጅ ሆነው ነበር። ምልጃው መልካም ነው። ግን ከሟች ቤተሰቦች ጥቂት የማይባሉ ሰዎች አዘኑ፤ ይቅርታ አድራጊው ማነው፣ እኛስ ተጠየቅን ወይ አሉ። ጥያቄያቸው ከዘሌዋውያን የተቀዳ ይመስላል፦ እጁን በበጉ ራስ የጫነው ማነው? በደሉን በቃሉ የተናገረውስ?

ዛሬም ከጣና ዳር እስከ ዳር ጠመንጃ ባልተለየበት በዚህ ዘመን አንድ ቀን የእርቅ ጠረጴዛ መዘርጋቱ አይቀርም። ያኔ ሁለት ስህተት ይጠብቀናል። አንዱ ደምን በደም እንመልስ ማለት ነው፤ ይህ የክርስትናን ዋና ወሬ መካድ ነው፤ የመጨረሻው ደም ፈስሷልና። ሁለተኛው ምንም እንዳልተደረገ ተቃቅፎ መለያየት ነው፤ ይህ ደግሞ መስቀሉን ርካሽ ማድረግ ነው።

የጣና ቂርቆስ ድንጋዮች ዛሬ ባዶ ናቸው። ባዶ መሆናቸው ደግ ነው። የድንጋዩ ጎድጓዳ ግን አልተደፈነም፤ እዚህ የሚከፈል ነገር ነበር እያለ ይመሰክራል። ይቅርታ የምንጠይቅ ሁሉ፣ በግ ባናቀርብም፣ ስማችንንና ጥፋታችንን፣ ከዚያም የወሰድነውን ከነአንድ አምስተኛው ይዘን እንቅረብ።