የገበታው ዋጋና የድምፁ ዋጋ

ማንኛውም የሥራ መሣሪያ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በገበያ የሚጠራለት ነው፤ ሁለተኛው በሠራው ሥራ የሚመዘንበት ነው። ማረሻም ሆነ የሸማኔ ዕቃ፣ የማተሚያ መኪናም ሆነ ክራር ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። ሁለቱ ዋጋዎች አንዳንድ ጊዜ አብረው ይጓዛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በሙዚቃው ዓለም ይህ መለያየት ጎልቶ ከታየባቸው መሣሪያዎች አንዱ የስቱዲዮ ሚክሰር፣ ማለትም የድምፅ ማደባለቂያ ገበታ ነው። ከአርባና ከሃምሳ ዓመታት በፊት በመቶ ሺህ ዶላሮች ይገዛ የነበረ ትልቅ ገበታ ዛሬ የተገዛበትን ዋጋ ጥቂት እጅ የሚከፍል ሰው ካገኘ ባለቤቱ ዕድለኛ ይባላል። የዚህ ውድቀት ታሪክ የለንደንና የኒው ዮርክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ትርጉሙ በአዲስ አበባ በኩል አልፎ እስከ አርሲ ደጋ፣ እስከ ሮቤ ከተማ ድረስ ይዘልቃል።

በቅድሚያ የገበታውን ሥራ መረዳት ያሻል። በስቱዲዮ ውስጥ ለዘፋኙ፣ ለሳክስፎኑ፣ ለጊታሩና ለከበሮው ለየብቻ ማይክሮፎን ይቀርባል። ከማይክሮፎን የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ ደካማ፣ በቮልት ሺህኛ ክፋዮች የሚለካ ነው። ገበታው ይህን ደካማ ኃይል ያጎለብታል፤ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይለያል፤ የበዛውን ይቀንሳል፣ ያነሰውን ከፍ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ሁሉንም አስማምቶ ወደ ቴፑ ይልካል። ለእያንዳንዱ ማይክሮፎን አንድ መስመር ያስፈልጋል። አንዱ መስመር ብቻውን በእጅ የተበየዱ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎችን ይይዛል። ባለ24 ወይም ባለ48 መስመር ገበታ ማለት እንግዲህ ያው ረቂቅ ሥራ 24 ወይም 48 ጊዜ ተደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሰለፍ ማለት ነው። የውድነቱ ምንጭ ይኸው ነበር።

በዚህ ሙያ ስሙ በሰፊው የሚነሣው እንግሊዛዊው ሩፐርት ኒቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው 1073 የተሰኘው የመስመር ክፍሉ እስከ ዛሬ በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ መለኪያ ይጠቀሳል። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1973 የኒቭን 8028 ገበታ ሲያስመጣ ከ75 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሏል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ጥሩ መኖሪያ ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ ነበር። ቀጥሎም ኤስ ኤስ ኤል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚታገዙ ግዙፍ ገበታዎችን እየሠራ በየአህጉሩ ላሉ ታላላቅ ስቱዲዮዎች አቀረበ። ገበታው ከመሣሪያነት አልፎ የስቱዲዮው ክብርና ማዕርግ መለያ ሆነ። ደንበኛው ወደ ስቱዲዮ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነበርና።

በኢትዮጵያ የድምፅ ቀረጻ ታሪክ የዚህ መሣሪያ እጥረት እንጂ ብዛት የታየበት ዘመን የለም። የአገሪቱ ሰው ድምፅ በሸክላ ለመቀረጽ በመጀመሪያ ባሕር መሻገር ነበረበት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዘፈናቸውን ያስቀረጹት በጀርመን አገር ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1940 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ተሰጠው። መብቱ ግን በተግባር ብዙ ፍሬ አላፈራም። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምኃ እሸቴ ይህን ክልከላ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ ሲያወጣ አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። አምኃ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አሳተመ። ቀረጻው በአዲስ አበባ ይካሄድ እንጂ ሸክላው የሚታተመው በመጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነበር።

ስለዚህ ዘመን መዘንጋት የሌለበት አንድ እውነት አለ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው የእነዚያ ዓመታት ቀረጻዎች አብዛኞቹ የግዙፍ ገበታ ውጤቶች አይደሉም። ሙዚቀኞቹ በጥቂት ማይክሮፎኖች ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተጫወቱ፣ በአዳራሽና በሆቴል ውስጥ የተቀረጹ ናቸው። የዋልያስ ባንድ ከ1960ዎቹ ሥራዎቹ አንዱን የቀረጸው በዘወትር በሚሠራበት በሂልተን ሆቴል ነው። ብራሱ ድምፃዊውን እንዳይውጥ የሚጠብቀው በአብዛኛው የሙዚቀኛው ጆሮና የአቋቋሙ ርቀት ነበር። በሌላው ዓለም ብዙ መስመር ያለው ገበታ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሰዎች መስማማት ሠራው። ከዚህ የምንረዳው የገበታው ዋጋ የድምፁ ዋጋ አለመሆኑን ነው።

ለዚያ ዘመን በተሟላ መሣሪያ የሚጠቀሰው በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ስቱዲዮዎቹ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚመሩ ነበሩ። ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ይህም ትልቅ መሣሪያ በትልቅ ተቋም እጅ ብቻ ይገኝ እንደነበር ያስረዳል። ዘፋኙ ወደ መሣሪያው ይሄዳል እንጂ መሣሪያው ወደ ዘፋኙ አይመጣም ነበር። የአርሲው ገበሬ በትራንዚስተር ሬዲዮው የአዲስ አበባን ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ አበባ ግን የእሱን ድምፅ የምትሰማበት ዕድል ጠባብ ነበር።

ከዚያ የመሣሪያዎች መተካካት ተከተለ። ካሴት በመጣ ጊዜ ሸክላ ረከሰ፤ በ1970 ዓ.ም. ግድም የሸክላ ኅትመት ጨርሶ ቆመ። ሸክላው በየቤቱ የሣጥን ታች ዕቃ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1978 ዓ.ም. በቤልጅየም ዳግም ታተመ። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ኅትመት የእነዚያን ዓመታት ሙዚቃ ለዓለም አዳረሰ። በሣጥን ታች የተጣለው ትንሽ ሸክላ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶ ዶላሮች የሚጠየቅበት ሆነ። ርካሽ በነበረ ጊዜ ያስቀመጠው ሰው ጥቂት ነበር፤ በተወደደ ጊዜ ግን ብዙው ከአገር ወጥቶ አልቋል።

የትልቁ ገበታ ዋጋ መውደቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በ1991 አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ከ4 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ስምንት መስመር በዲጂታል የሚቀርጽ መሣሪያ ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ፕሮ ቱልስ የተሰኘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የገበታውንም የቴፑንም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። አንድ ዘፈን ከወር በኋላ ሲከፈት ሁሉ ነገር በተተወበት ቦታ ይገኛል። በአሮጌው ገበታ ላይ ግን እያንዳንዱን ቁልፍ በእጅ ወደ ነበረበት መመለስ ግድ ነበር። ትልቅ ገበታ ሰፊ ክፍልና ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚያበርድ ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፤ ተንሸራታች ቁልፎቹ በአቧራ ይያዛሉ። ጠጋኙም እየቀነሰ ሄደ። በዚያ ላይ የሸክላ፣ የካሴትና የሲዲ ሽያጭ ሲዳከም ለስቱዲዮ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ አብሮ ተመናመነ። በመቶ ሺህ ዶላሮች የተገዙ የኤስ ኤስ ኤል ገበታዎች በአሥር ሺህዎች ብቻ የሚሸጡት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ አስገራሚ የሆነ ነገርም ታይቷል። አንዳንድ የኒቭ ገበታዎች በሙሉነታቸው ከሚያወጡት ይልቅ ተበትነው በየክፍሉ ሲሸጡ የበለጠ አወጡ። ብዙ ድምፆችን ለማስማማት የተሠራው ገበታ ተቆራርጦ እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው በአንድ ሰው መኝታ ቤት ገባ። ከዚህ ዕጣ የተረፉት ታሪክ የተሸከሙት ናቸው። የሳውንድ ሲቲው ገበታ ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲዘጋ ሙዚቀኛው ዴቭ ግሮል ገዝቶት በ2013 ስለ እሱ ፊልም ሠራ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያላገኙት ግን እንደ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ ተቆጠሩ።

ይህ ሁሉ ለሮቤ ምን ያደርግላታል? እዚህ ላይ የተነሣችው ሮቤ የባሌዋ ሳትሆን ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ያለችው የአርሲዋ ሮቤ ናት። አርሲ መሣሪያ ሲመጣ የሚሆነውን ከእርሻ ታሪኩ ያውቀዋል። በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ምርቱ አደገ። ነገር ግን እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። ያው መሣሪያ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው ስደት ሆነ። መሣሪያን በዋጋው ብቻ መመዘን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስወጣ መጠየቅ ያሻል።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ የገበታው ዋጋ መውደቅ ለሮቤ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ሮቤ በውድነቱ ዘመን ገበታ አልነበራትም፤ ስለዚህ በመርከሱ የምታጣው ንብረት የላትም። ነጋድራስ ተሰማ የተቀረጹት በሩቅ ጀርመን ነበር፤ በ1960ዎቹ ዘፋኙ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ነበረበት፤ ዛሬ የአርሲ ወጣት በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ማይክሮፎንና በአንዲት ትንሽ የድምፅ ማስገቢያ ሣጥን በከተማው ውስጥ ሊቀርጽ ይችላል። መንገዱ አጥሯል። የኮምፒዩተር ቀረጻ ከሙዚቀኛ እጅ ጋር ሊዋሐድ እንደሚችልም በ2012 ዓ.ም. ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ በበገና ስቱዲዮ በሠራቸው ሥራዎች አሳይቷል።

ሆኖም በአጠረው መንገድ ላይ የቀሩ ነገሮች አሉ። የአርሲ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአቴቴ ሥርዓት ሲያዜሙ ዜማው የአንድ ሰው አይደለም። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የዜማው ነፍስ ያለው በመካከላቸው በሚመላለሰው ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን የኅብረት ዜማ በአንድ ማይክሮፎን ፊት በየተራ እያስቆሙ መቅረጽና በኋላ በኮምፒዩተር መገጣጠም ዜማውን ከሥሩ መንቀል ይሆናል። ብዙ ሰዎችን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ የመስማትና የማስማማት ጥበብ የአሮጌው ገበታ ሙያ ነበር። ገበታው ሲረክስ ይህ ሙያ አብሮ መርከስ የለበትም።

ከዚህ የባሰው ሥጋት በቴፖች ላይ ያንዣበበው ነው። በብሔራዊ ሬዲዮ፣ በቴአትር ቤቶችና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድምፅ ክምችቶች ይገኛሉ። የቴፕ ዕድሜ ውስን ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት እየሳበ ይሟሽሻል፤ ሳይታከሙ ቢጫወቱ ድምፁን የያዘው ሽፋን ይላጣል። በዝቅተኛ ሙቀት ታክመው አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቢገለበጡ ግን ይድናሉ። ለዚህም የሚሠራ የቴፕ ማጫወቻ፣ ከጎኑ ንጹሕ የድምፅ ገበታ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

አሮጌው መሣሪያ በውጭ አገር መርከሱ ለመግዛት አመቺ ጊዜ ይመስላል። የምንዛሪው ጉዳይ ግን ይህን ዕድል ያጠበዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ዋጋው በግማሽ የወረደ ዕቃ በብር ሲታሰብ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ስለሆነም ብልህነቱ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለውን መጠበቅ ነው። በየተቋሙ ግምጃ ቤት ከአሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ ጋር ተቆልሎ «አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት» የተባለው ገበታና የቴፕ ማጫወቻ በሐራጅ ከመሸጡ በፊት ሙያው ባለው ሰው ሊታይ ይገባል። በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ የሆነው ዕቃ የሌላ ዕቃ መለዋወጫ፣ የአንድ ወጣት መማሪያ፣ የአንድ ሟች ዘፋኝ ድምፅ መውጫ ሊሆን ይችላል።

ሸክላው በረከሰ ጊዜ የተሠራው ስሕተት በቴፕና በገበታ ዘመን እንዳይደገም ማድረግ የሚቻለው አሁን ነው። የሸክላውን ቅጂ ከባዕድ አገር ሰብሳቢ መልሶ ማግኘት ቢያንስ በገንዘብ ይቻላል። ከቴፕ ላይ የተላጠ ድምፅ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ቢቀርብለት አይመለስም።