የቤት ግብር በአሜሪካ፦ ተመኑ ለምን ይለያያል? በግምቱ ላይስ እንዴት ይግባኝ ይባላል?



በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችን ብዙ ነው። የባንክ ዕዳውን በላቡ ከፍሎ ቢጨርስ እንኳ አንድ ክፍያ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ እሱም የቤት ግብር ነው። ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በዲሲና በሜሪላንድ የተወዘፈ ግብር በጨረታ ይሸጣል፤ ዕዳው ሳይከፈል ከቆየም ቤቱ እስከ መወሰድ ይደርሳል። ሆኖም ብዙዎቻችን በፖስታ የሚመጣልንን የግምት ማስታወቂያ ሳንመረምር እናስቀምጠዋለን። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰበት አገር የመጣ ሰው “ስለ ቤት ከመንግሥት ጋር መከራከር ምን ይፈይዳል?” ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ግን የመከራከሪያውን በር የከፈተው ሕጉ ራሱ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች እንለይ

ግብሩ የሚሰላው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው የመንግሥት ገማች ለቤቱ የሚሰጠው ግምት ሲሆን፣ ሁለተኛው በየ100 ዶላሩ ግምት የሚከፈለው ተመን ነው። ይግባኝ የሚባለው በግምቱ ላይ ብቻ ነው። ተመኑን የሚወስኑት የተመረጡ ባለ ሥልጣናት ናቸው፤ እሱን ማስቀነስ የሚቻለው በምርጫ ድምፅና በበጀት ስብሰባ ላይ ቀርቦ በመናገር ነው። በቨርጂኒያ የአካባቢው ጠቅላላ ግምት ከ1 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ ተመኑን በዚያው ልክ ላለመቀነስ የፈለገ አስተዳደር ሕዝባዊ ስብሰባ እንዲጠራ ሕግ ያስገድደዋል። በዚያ ስብሰባ ላይ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም።

ተመኑ ለምን ይለያያል?

ቅናሾች ሳይታሰቡ፣ 600,000 ዶላር የተገመተ ቤት በ2025 (እ.ኤ.አ.) ተመን የሚከፍለውን እንመልከት፦

- ዲሲ (0.85 ዶላር)፦ 5,100 ዶላር
- ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ዋናው ተመን ብቻ (1.1225 ዶላር)፦ 6,735 ዶላር
- ባልቲሞር ከተማ (2.248 ዶላር፣ የሜሪላንድ ስቴት 0.112 ዶላር ሲጨመርበት)፦ 14,160 ዶላር

ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ አካባቢ ከሌላ ምንጭ ከሚያገኘው ገቢ ነው። ዲሲ የራሱ የገቢ ግብር አለው፤ ከንግድ ሕንፃዎችም በየ100 ዶላሩ ከ1.65 እስከ 1.89 ዶላር ይሰበስባል። ባልቲሞር በአንጻሩ በ1950 ወደ 950,000 የነበረው ሕዝቧ በ2020 ቆጠራ ወደ 585,000 ወርዷል፤ ግብር የማይከፍሉ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ቦታ ይዘውባታል። በመሆኑም ሸክሙ በቀሪው ባለ ቤት ላይ ወደቀ። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ወገን እንግዲህ ከዋጋው ጋር ተመኑንም መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

ቀነ ገደቡና ደረጃዎቹ

ዲሲ፦ ግምቱ በየዓመቱ ይወጣል። የመጀመሪያው አቤቱታ እስከ ኤፕሪል 1 ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ቀጥሎ የንብረት ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የዲሲ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሜሪላንድ፦ ገማቹ ካውንቲው ሳይሆን ስቴቱ ነው። እያንዳንዱ ቤት በ3 ዓመት አንዴ ይገመታል። ማስታወቂያው በዲሴምበር መጨረሻ ይላካል፤ ይግባኙ ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የይግባኝ ቦርድ፣ በመጨረሻም የግብር ፍርድ ቤት አለ።

ፌርፋክስ፦ ግምቱ የጃንዋሪ 1ን የገበያ ዋጋ ይከተላል። መጀመሪያ ለግብር አስተዳደሩ ማመልከት ይቻላል፤ ለግምት አስተካካዩ ቦርድ የሚቀርበው ግን እስከ ጁን 1 ነው። ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት አለ።

ምን ይዞ መቅረብ?

“ግብሩ በዛብኝ”፣ “ገቢዬ ትንሽ ነው” ማለት ለግምት ይግባኝ ማስረጃ አይሆንም። “ጎረቤቴ ያነሰ ይከፍላል” ማለትም አይረዳም፤ ጎረቤትዎ ቅናሽ ኖሮት ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የሚሆኑት የሚከተሉት ናቸው፦

1. የቤትዎ መዝገብ ስሕተት። ስፋቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር፣ ቤዝመንቱ የተሠራ ወይም ያልተሠራ መሆኑ በትክክል ተመዝግቧል?
2. ከግምቱ ቀን በፊት ባለው ቅርብ ጊዜ በሰፈርዎ የተሸጡ፣ በስፋትና በዕድሜ የሚመሳሰሉ ከ3 እስከ 5 ቤቶች ዋጋ።
3. የሚያፈስ ጣሪያ ወይም የተሰነጠቀ መሠረት ካለ ፎቶግራፍና የጥገና ዋጋ ግምት።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የይግባኝ ቦርድ ግምቱን ሊጨምርም ስለሚችል ማስረጃው ደካማ ከሆነ አለመሄድ ይሻላል። ይግባኙ እስኪወሰን ድረስም ግብሩን በወቅቱ መክፈል ይገባል።

የማይጠየቁት ቅናሾች

በሚኖሩበት ቤት ላይ የሚሰጠው የ“ሆምስቴድ” መብት ካልተመለከተ አይገኝም። በዲሲና በሞንትጎመሪ ካውንቲ ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያግዳል፤ በባልቲሞር ከተማ ደግሞ ከ4 በመቶ በላይ። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። በዲሲ ዕድሜያቸው 65 የሞላና ገቢያቸው ከተወሰነው በታች የሆኑ ባለ ቤቶች ግብራቸው በግማሽ ይቀነሳል። በሜሪላንድ የቤተሰብ ገቢው ከ60,000 ዶላር ያልበለጠ ባለ ቤት፣ ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ፣ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ለሌላ ቅናሽ ማመልከት ይችላል። ፌርፋክስም ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የራሱ ቅናሽ አለው። የሆምስቴድ ማመልከቻ በነጻ ነው፤ “እኛ እናስገባልዎ” እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ደብዳቤዎችን አይመኑ።

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ይላል የአገራችን ሰው። በዚህ ጉዳይ ግን ዝም ያለ ሰው ስሕተት የሆነውን ግምት እንደ ተስማማበት ይቆጠራል። ግብሩን ባንኩ የሚከፍልላችሁም ብትሆኑ ማስታወቂያው ሲመጣ ከፍታችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶችም ልጆቻቸው አብረው ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው፤ 45 ቀን ቶሎ ያልፋልና።