ወላጅ በማያይበት ግቢ፦ ስብዕና፣ ቤተሰብና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጸረ ማኅበራዊ ባህሪ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚታየው ጸረ ማኅበራዊ ባህሪ ከስንት አንዴ ነው ፍርድ ቤት የሚደርሰው። ኩረጃ፣ የዶርም ስርቆት፣ ሰክሮ መደባደብ፣ ንብረት መስበር ቢበዛ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ያበቃሉ። ስለ መንስኤው የሚጻፈው ግን በአመዛኙ ከወጣት ወንጀለኞች ምርምር የተወረሰ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ክፍፍል መሠረት፣ ከሕፃንነት ጀምረው በዚህ ባህሪ የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በጉርምስና ይጀምሩታል፣ ሲጎለምሱ ይተዉታል። ከጥቂቶቹ ብዙዎቹ ትምህርት ቀድመው ስለሚያቋርጡ ዩኒቨርሲቲ አይገቡም። ተማሪዎችን ብቻ የሚያጠና ሰው እንግዲህ ከጅምሩ የተበጠረ ናሙና ነው የያዘው።

ከስብዕና ወገን ያለው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። በአምስቱ ዐበይት የስብዕና ባህርያት መለኪያ፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር የሚከብዳቸውና ሥራን በኃላፊነት መፈጸም የሚሳናቸው ሰዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት ጋር በተደጋጋሚ ተያይዘው ተገኝተዋል። የስሜት አለመረጋጋት ያለው ዝምድና ላላ ይላል፤ ቶሎ የሚናደድ ተማሪ ሁሉ ዶርም አይሰርቅም። በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ በልጅነት የተለካ ራስን የመግዛት አቅም በ32 ዓመት የወንጀል ሪከርድ መኖር አለመኖሩን እንደሚጠቁም አሳይቷል። የቤተሰብ ኑሮና የአእምሮ ብቃት ሲታሰቡም ውጤቱ አልጠፋም።

ነገሩ በተፈጥሮ ያለቀ ይመስላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄራልድ ፓተርሰን በአሜሪካ ኦሪገን ቤተሰቦችን በየቤታቸው እያስተዋሉ የደረሱበት ግን ሌላ ነው። እናት ልጇን «ቴሌቪዥኑን ዝጋ» ትለዋለች እንበል። ይጮኻል፤ ትቆጣዋለች፤ ይብስበታል፤ ሰልችቷት ትተወዋለች። ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ፤ እሷም እጅ ስትሰጥ ቤቱ ጸጥ እንደሚል ተማረች። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሁለቱም እየባሱ ይሄዳሉ። ቁጡ ልጅ ወላጁንም ይቀርጻል ማለት ነው፤ «ቤተሰቡ ነው ያበላሸው» የሚለው ፍርድ ይህን ይዘነጋል።

ከቤተሰብ ምክንያቶች ብዙ የተወራለት የወላጅ ክትትል ነው። ልጁ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንዳመሸ የሚያውቅ ወላጅ የተሻለ ልጅ ያሳድጋል ሲባል ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የስዊድን ታዳጊዎች ጥናት፣ ወላጅ ይህን ዕውቀት ከየት ያገኘዋል ብለው ጠየቁ። ዋናው ምንጭ የወላጅ ቁጥጥር አልነበረም፤ ልጁ ወድዶ የሚያወራው ወሬ ነበር።

ይህ ግኝት ከስዊድን ይልቅ ለእኛ ግቢዎች የሚስማማ ይመስለኛል። አብዛኛውን ተማሪ የሚመድበው መንግሥት ነው፤ የጎንደር ልጅ ጅማ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ሐሮማያ ሊደርሳቸው ይችላል። አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ የወላጅ ቁጥጥር ያበቃል፤ የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር ደግሞ የእያንዳንዱን ተማሪ ውሎ ሊያውቅ አይችልም። የሚቀረው ስልክ ነው። አንዱ «ደህና ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» ብሎ ይዘጋል፤ ሌላው «እማዬ፣ ትናንት ከዶርም ልጅ ጋር ተጣላሁ» ይላል። ሁለቱም ጥብቅ ቤት ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የምፈልገው እውነቱን በተናገሩ ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደገጠማቸው ላይ ነው፤ ጥፋቱን አምኖ በበርበሬ የታጠነ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይናገራል?

የተለመደው የተማሪ ጥናት የስብዕናንና የቤተሰብን ድርሻ ለመለየት አይመችም። ያው ተማሪ ስለ ስብዕናው፣ ስለ ወላጆቹና ስለ ጥፋቱ በአንድ መጠይቅ፣ በአንድ ጊዜ ተቀምጦ ይሞላል። ዛሬ የከፋው ተማሪ ልጅነቱንም አክፍቶ ሊያስታውስ ይችላል። ወላጅና ልጅ ጂን ስለሚጋሩም ቁጡው አባት ቁጣውን በአስተዳደጉ ይሁን በደሙ እንዳስተላለፈ ከመጠይቁ አይታወቅም። ተማሪው ግቢ በገባበት ሳምንት ስብዕናውን ለክቶ፣ ወላጆቹን ለብቻ ጠይቆ፣ እስከ ምረቃ የሚከታተል ጥናት የተሻለ መልስ ይሰጣል። መጠይቁም «ወላጆችህ የት እንደምታመሽ ያውቃሉ?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «ማን ነገራቸው?» የሚል ጥያቄ ሊከተለው ይገባል።